«ወላጅ አምጪ» ሲሏት በግ ነድተን ኮምቦልቻ የወረድን ጊዜ

በ1974 ዓ.ም. ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነበር። ፊደል የለየሁት ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ በሽማግሌነቴ ከልጅ ልጆቼ እኩል ዛፍ ሥር ተቀምጬ። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። የምጽፈው አገር አየሁ ለማለት አይደለም። ደሴንም ኮምቦልቻንም ከእኔ አስበልጦ የሚያውቅ ሞልቷል። የምጽፈው ልጁን ከተማ ልኮ እያስተማረ፣ የትምህርት ቤቱን በር ግን ረግጦ ለማያውቅ እንደኔ ላለ ገበሬ ነው። ያ በር ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። እስከዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሰዓዳ የልጄ የመሐመድ ልጅ ናት። ኮምቦልቻ አክስቷ ዘይነባ ቤት ተቀምጣ ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። ዘይነባም የእኔው ልጅ ናት። መሐመድ ሚሊሺያ ተብሎ ከዘመተ ቆይቷል፤ ያኔ በየት እንዳለ አላህ ይወቅ። የሰዓዳ እናት ትንንሾቹን ይዛ እኔ ዘንድ አለች፤ መሬቱን አብረን እንገፋለን። ታዲያ አንድ ቀን አንድ የአገራችን እህል ነጋዴ ከኮምቦልቻ ሲመለስ ደጄ ቆመ።

«ጋሽ ይመር፣ ሰዓዳን ከትምህርት ቤት አባረዋታል» አለኝ።

«ምን አድርጋ?»

«ከመምህሯ ተጋጭታ ነው አሉ። ወላጅ ካላመጣሽ አትገቢም ብለዋታል። የሚኒስትሪ ፈተናው ደግሞ ደርሷል።»

ያ ፈተና ካመለጣት የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ። የዓመቱ ብቻ ቢሆን እሰየው። ከትምህርት ቤት ተባርራ ቤት የገባች ልጅ ላይ ሽማግሌ ይላካል። ድሮውንም ዓይኑን የጣለባት ሰው ነበር፤ እየተማረች ነው ብለን ነው የመለስነው። እናቷ ወሬውን ስትሰማ እመሬት ቁጭ አለች።

«አባቷ በሌለበት ልጄን ሊድሩብኝ ነው» ብላ አለቀሰች።

«እኔ ቆሜ?» አልኳት። «ወላሂ ማንም አይድራትም። ተነሽ፣ ስንቅ አዘጋጂልኝ።»

እኛ አገር ሰው ከሰው ሲጋጭ ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም። በድሎም ሆነ ተበድሎ፣ ሰው አበጋር ይዞ ይሄዳል። አበጋር ማለት የእርቅ አባት ነው፤ ደም የተቃቡትን ሳይቀር ፊት ለፊት አስቀምጦ የሚያስታርቅ። ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም፤ የእርቅ በግ ይነዳል። መምህር ትልቅ ሰው ነው፤ እርቁም በወጉ ይሁን ብዬ የቀበሌያችንን አበጋር ሼህ እንድሪስን ለመንኳቸው።

«መምህሩ ክርስቲያን እንደሆነ እኔን ብቻ ሲያይ ቅር ይለዋል፤ ቄሱም ይምጡ» አሉ።

ቄስ ገበየሁም «ብትተዉኝስ እቀር መስሏችኋል?» ብለው ጥላቸውን አንስተው ወጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ሰጠን። በጉን ሲያይ «ይኼስ ይለፍ አይሻም?» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። ኋላ ግን የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

የመጀመሪያው ቀን

ጎህ ሲቀድ ተነሣን። በልጉ ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው። በጉ እያንዳንዱ ወንዝ ዳር ሲደርስ እግሩን ተክሎ ይቆማል። እኔ ከፊት ስስብ ሼሁ ከኋላ ሲገፉ፣ ቄሱ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመው ያያሉ።

«ሼሁ» አሉ ቄስ ገበየሁ አንዱ ወንዝ ላይ፣ «ይህን በግ ማን ሊያርደው ነው? እርስዎ ቢያርዱት እኔ አልበላው፤ እኔ ባርደው እርስዎ አይበሉት።»

«መምህሩ ይረደዋ።»

«መምህሩ ኮሙኒስት እንደሆነስ?»

«እንግዲያው በጉ ዕድለኛ ነው፤ በሕይወቱ ይመለሳል» አሉ ሼሁ። እኔ ሳቄ መጥቶ ገመዱን ስለቅ በጉ ወደመጣበት ተመልሶ ሸሸ። እሱን አሯሩጠን ስንይዝ ፀሐይ ወጣች።

ገራዶ ደርሰን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ስናርፍ ባለሱቁ ማን ናችሁ ሳይል ንፍሮ በሳህን አወጣልን። በጉንም ውሃ አጠጣልን። ከዚያ ወደ ደሴ አቀበቱን ስንይዝ ጭጋጉ ወረደብን። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጭጋግ ሲወርድ ከብት ይሰበሰባል፣ ሰውም ወደ ቤቱ ይገባል። ደሴዎች ግን ገበያቸውን በጭጋጉ ውስጥ ይገበያያሉ፤ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ ፊታቸው አይታይም። በጉን እንዳልጥለው ገመዱን እጄ ላይ ጠመጠምኩት።

ያደርነው እዚያው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ የቄሱ አክስት ልጅ ወይዘሮ የሺ ዘንድ ነው። ጨውና ላምባ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት፤ ከሱቋ ኋላ ባለው ክፍል ተቀበለችን። ክርስቲያን ናት፤ ግን ሳንጠይቃት ለሰላታችን ንጹሕ ሰሌን አነጠፈች፣ ከሰላት በፊት ለምንታጠበው ለውዱእ ውሃ በጀበና አስቀመጠች። ለእራት ለሁላችንም የሚሆን ሽሮ ሠራች። ገና እጃችንን ስንታጠብ የቀበሌ ጥበቃ መጣና እንግዶቿን እንድታስመዘግብ ጠየቃት።

«ሦስት አባቶች ናቸው፤ በልተው ሲጨርሱ እመጣለሁ» አለችው።

«አሁን ነው እንጂ!»

«በጉንም ላስመዝግበው ወይ? እሱም ከገጠር ነው የመጣው።»

ሰውዬው እየተነጫነጨ ሄደ። እኛ አገር እንግዳ ከየት መጣህ የሚባለው ከበላ በኋላ ነው። ከተማ ግን ሆዱ ሳይሞላ ወረቀቱ ይጠየቃል። እኔ ይህን ሳማርር ወይዘሮ የሺ ሳቀችብኝ።

«ይኼንንማ ለምደነዋል፣ አባ ይመር። ትምህርት ቤቱን ሲያዩ ምን ሊሉ ነው?»

«ምን አለበት ትምህርት ቤቱ?»

«እኔን የጠሩኝ ልጄ መስኮት ሰብሮ ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲማር አንድም ቀን ‹ልጅሽ እንዲህ ያለ ነገር ያውቃል፣ ነይ እዪው› ያለኝ የለም። ጥሪ ሲመጣ ልቤ ነው የሚወርደው። ፖሊስ ቢጠራኝ ከዚያ አይበልጥም።»

«አንደኛ ወጥቶ አያውቅም?» አሉ ቄሱ።

«ወጥቷል እንጂ! እሱንማ ከጎረቤት ሰማሁ።»

ይህ ነገር አላስተኛኝም። ከብቴን ለሚጠብቅልኝ ሰው ስሰጥ፣ ያ ሰው ከብቶቹን ሲመልስ «ይቺ ዛሬ አልጋጠችም፣ ያቺ ታነክሳለች፣ ወይፈኑ ግን በርትቷል» ይለኛል። ለከብት! ልጄን ወስዶ ዓመት ሙሉ ዝም የሚል ሰው፣ አፉን የሚከፍተው ለክስ ብቻ ከሆነ፣ እኔን የሚያየኝ እንደ ወላጅ ነው ወይስ እንደ ጠላት?

ሁለተኛው ቀን

ወደ ኮምቦልቻ በአውቶቡስ ነው የወረድነው። ረዳቱ በጉን ሲያይ ወደ ጣሪያው ጠቆመ።

«አባባ፣ በግ ላይ ነው የሚጫነው።»

«እሱ ከላይ እኛ ከታች?» አሉ ሼህ እንድሪስ። «የሚያስታርቀው እሱ ሆነና ነው?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። በጉን አራት እግሩን አስረው ጣሪያ ላይ ጫኑት። የሀረጎን ቁልቁለት ስንወርድ መንገዱ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ አንዴ ገደሉ በእኔ በኩል፣ አንዴ በሼሁ በኩል። ቄስ ገበየሁ ፊታቸው አመድ መሰለና በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ቁርሳቸውን መለሱ። ከፊታችን የተቀመጠች ሎሚ ነጋዴ ከዘንቢሏ አንድ ሎሚ አውጥታ ቆርጣ «ይምጠጡት አባቴ፣ አብሽሩ» ብላ ሰጠቻቸው። ለእኔ ደግሞ በመስኮቴ በኩል ሞቅ ያለ ነገር ጋቢዬ ላይ ወረደ። ዝናብ መሰለኝ። ቀና ብዬ ሰማዩን ሳይ ጠራራ ፀሐይ ነው። ከላይ ማን እንዳለ ያኔ ትዝ አለኝ። ያቺው ሎሚ ነጋዴ ለእኔም ሎሚ ሰጠችኝ፤ ለሽታው።

ኬላው ላይ ወታደር ገባ።

«ላይ ያለው በግ የማነው?»

«የኛ ነው።»

«ለሽያጭ ነው?»

«ለእርቅ ነው። ከመምህር ጋር ልንታረቅ።»

ወታደሩ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካከለና ሳቀ። «መምህር በበግ የሚታረቅ ከሆነማ፣ እኔ ከተማርኩበት ጊዜ ጀምሮ መንጋ አለብኝ» ብሎ አሳለፈን።

ኮምቦልቻ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። ደሴ ላይ የተከናነብነውን ጋቢ እዚህ እትከሻችን ላይ ጣልነው። በአሰብ መንገድ ከባድ መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል። የዘይነባ ባል ከነዚህ የአንዱ ረዳት ነው፤ አሰብ ሲመላለስ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። ዘይነባን አራስ ሆና አገኘኋት፤ እኔ መውለዷን እንኳ አልሰማሁም። አንድ ክፍል ቤት ነው የሚከራዩት። ሰዓዳ እግሬ ላይ ወደቀች፤ ከዚያ ተነሥታ ውሃ ቀድታ የሁላችንንም እግር አጠበች። ከተባረረች ወዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው የምትውለው።

ከበላን በኋላ ጠየቅኋት።

«መምህሩን ምን አደረግሽው?»

«አረፈድኩ፣ አባባ።»

«በማርፈድ ነው የሚያባርሩት?»

«ተንበርከኪ አለኝ። አልንበረከክም አልኩት።»

«ለምን?»

ቀና ሳትል ነው የመለሰችልኝ። «ጉልበትም ግንባርም ለአላህ ብቻ ነው ብለው ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?»

ምን ልበላችሁ። ኩራትና ፍርሃት አንድ ላይ ያዘኝ። ያ ዘመን እንዲህ ያለ ቃል የሚነገርበት ዘመን አልነበረም። ሼሁ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቄሱ ግን «ትክክል ናት» አሉ። «እኛስ ብንሆን የምንሰግደው ለፈጣሪ ነው። ለጠመኔ ማን ይንበረከካል?»

«ለመሆኑ ለምንድነው የምታረፍጂው?» አልኳት።

ጎንበስ ብላ ሳህኑን ማነሣሣት ጀመረች። ዘይነባም ልጇን አቅፋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እንቅልፍ ነው፣ አፍራ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሦስተኛው ቀን

ሰዓዳን ይዘን፣ በጉን ነድተን ጧት ትምህርት ቤቱ በር ደረስን። ግድግዳው ሥር እንደኛ የተጠሩ ወላጆች ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። አንዷ ገበያዋን ጥላ የመጣች ናት፤ ሽንኩርቷ ከጎኗ እየጠወለገ ነው።

ዘበኛው «ዱላ አይገባም» አለ።

«ያለ ዱላዬ አልሄድም፣ ጉልበቴ አይዘኝም።»

«የወላጅ ሁሉ ዱላ እዚህ ይቀመጣል» ብሎ ቀማኝ። እውነትም የገበሬ ዱላ ተከምሯል፣ እንደ ማገዶ።

«መቀመጫውስ የት ነው?»

«ያው፣ ግድግዳው ሥር።»

ለልጆቹ ክፍል አላቸው። ለመምህራኑ ክፍል አላቸው። ለኳሱ ሜዳ አለው። ለወላጅ ግን አንዲት አግዳሚ ወንበር የለም። እኛ ዘንድ ለመጣ ሁሉ፣ ሊከስም የመጣ ቢሆን፣ አጎዛ ይነጠፍለታል። እዚህ የጠራኸኝ አንተ፣ የምቆመው እኔ!

ቆይተን ቆይተን ግቡ አሉን። ዘበኛው በጉን አልይዝም አለ፤ «እኔ የሰው ዘበኛ ነኝ» ብሎ። ስለዚህ ይዘነው ገባን። ግቢው መሃል ዙሪያውን በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች የታጠረ ረጅም እንጨት ቆሟል፤ እግሩ ሥር ሣርም አበባም አለ። በጉ ሣሩን አይቶ ሳበኝ። ጥሩ ካስማ አገኘሁ ብዬ እሱ ላይ አሰርኩትና ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ አመራን።

ሦስት እርምጃ ሳንሄድ ዳይሬክተሩ ራሱ እየጮኸ ወጣ።

«ምንድነው ይኼ? ማነው ይህን ያሰረ?»

«እኔ ነኝ።»

«የአብዮቱ ባንዲራ መስቀያ ላይ? በግ?»

ቀና ብዬ አየሁ። እውነት ነው፣ ጫፉ ላይ ባንዲራ አለ። «ጌታዬ፣ ባንዲራው ላይ ነው፣ በጉ ታች ነው። አልተነካኩም» አልኩ። ልጆቹ በየመስኮቱ ተደራርበው ይስቃሉ። ሰዓዳ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። በጉ አበባውን ይበላል።

«ለማን ነው ያመጣችሁት?»

«ለመምህሩ» አሉ ሼሁ። «ለእርቅ።»

«ጉቦ!» አለና የቀበሌውን ካድሬ አስጠራ።

ካድሬው ካኪ የለበሰ ጎረምሳ ነው። ሼሁ ሊያስረዱት ቢሞክሩ አላስጨረሳቸውም። አበጋር የፊውዳል ባህል ነው አለ። ሼህና ቄስ ተቀናጅተው ትምህርት ቤት መግባታቸው የፀረ አብዮት ቅስቀሳ ይመስላል አለ። ይህን ሁሉ ሲል እኛ ፀሐይ ላይ ቆመናል። የእኔስ ይሁን። ሼህ እንድሪስ ገዳይና የሟች ወንድምን ያስታረቁ ሰው ናቸው፤ ሲመጡ ያልተነሣላቸው ሰው አይቼ አላውቅም። ቄስ ገበየሁ ግማሹን የአገሬን ሰው ክርስትና ያነሡ ናቸው። ለነዚህ ሰዎች ተቀመጡ የሚል ጠፋ!

ዳይሬክተሩም ቀጠለ። «ወላጅ አምጪ ነው ያልናት። ሽማግሌ አምጪ አላልናትም፣ በግ አምጪ አላልናትም። ወላጅ አባቷ ይምጣ።»

ያን ጊዜ ራሴን ሳትኩ።

«አባቷን የወሰዳችሁት እናንተ አይደላችሁም ወይ?» አልኩ። «ከእርሻው ላይ፣ በሬዎቹን እንኳ ሳይፈታ! እኔ ነኝ የፈታኋቸው። የት እንዳለ ታውቁ እንደሆነ ንገሩኝና እኔ ራሴ ሄጄ ላምጣላችሁ። ወስዳችሁት ስታበቁ አምጪው ትሏታላችሁ? ከየት ታምጣው?»

ቄሱ ጋቢዬን ከኋላ ጎተቱ። እንደሚያስሩኝ አልተጠራጠርኩም። ካድሬው ግን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ዳይሬክተሩ ዞረ።

«ዘማች ነው እንዴ አባቷ?»

«እኔ… አልተነገረኝም።»

«ማን ጠየቀን?» አልኩ። «ይቺ ልጅ እዚህ ስትመላለስ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ማን ዘንድ ነው የምታድሪው፣ ያላት ሰው አለ?»

ካድሬው ወዲያው ቋንቋው ተለወጠ። የዘማች ቤተሰብ እንዲህ ነው፣ እንክብካቤ ይገባዋል እያለ እዚያው ፀሐዩ ላይ ንግግር አደረገልን። እንግዲህ ፍረዱ። ልጅቱ ያችው ልጅ፣ ጥፋቷም ያው ጥፋት። የልጄ ደረት ጥይት ፊት ስለሆነ በሩ ተከፈተላት። የጎረቤቴ ልጅ ብትሆንስ? አባቷ ቤቱ ያለ፣ እርፉን የጨበጠ፣ ምስኪን ገበሬ ቢሆንስ? ያቺ ልጅ ቤቷ ትገባና ትዳራለች ማለት ነው! ደስ አላለኝም። እውነቴን ነው፣ ከቅድሙ ይልቅ ያኔ ተናደድኩ።

ዳይሬክተሩ ግን እንዲሁ አልለቀቀም። «ነገ ትግባ። ደወሉ ሳይደወል እኔው በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ካረፈደች ግን ስሟን ከፈተናው እሰርዛለሁ፤ ያኔ የማንም ልጅ ብትሆን አልሰማም» አለ። ካድሬውም በጉን ፈትተን ለባንዲራው ቀጥ ብለን እንድንቆም አዘዘን። ቆምን። በጉ ብቻ አልቆመም።

ስንወጣ አንድ ቀጭን ልጅ እጅጌው ጠመኔ እንደለበሰ ተከተለን። መምህር ታደሰ ይባላል፤ ተንበርከኪ ያላት እሱ ነው። ሼህ እንድሪስ ሳያስታርቁ ንቅንቅ አልልም ብለው ግድግዳው ሥር እመሬት ቁጭ አሉ። እኛም ተቀመጥን። መምህሩ ሱሪውን አየ፣ አፈሩን አየ፣ ከዚያ እሱም ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣ ምን ከፋህ?» አሉት።

«ሼህ፣ እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም» አለ። «ክፍሉ እስከ በሩ ድረስ ልጅ ነው። እሷ ደግሞ ጎበዝ ናት፣ ለዚህ ነው የሚያናድደኝ። ለምን ታረፍጃለሽ ስላት ዝም ትለኛለች። ስንት ጊዜ ጠየቅኋት!»

«ብቻዋን ጠየቅሃት?»

«አይ፣ ክፍል ውስጥ።»

«ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ?»

«አዎ።»

ሼሁ ጺማቸውን ያዙ። «በል ይህ በግ ያንተ ነው» አሉት።

«በግማ አልቀበልም! ጉቦ ሲሉ ሰምተዋል።»

«እንግዲያው ለአራሷ ይታረዳል። አንተ ደግሞ ለምሳ እንግዳችን ነህ። እንግድነት ይሉኝታ የለውም፣ ተነሥ።»

ዘይነባ ቤት ስንደርስ በጉን ሼሁ አረዱት። ስለዚህ ለመምህሩ የመጣውን በግ መምህሩ አይበላውም፤ ክርስቲያን ነዋ። ጎረቤት ለሱና ለቄሱ ሽሮ ሠራችላቸው። «ከገጠር ድረስ በግ ተነድቶልኝ ሽሮ በላሁ» ብሎ ሲስቅ ወደድኩት።

ምግቡ ቀርቦ መምህሩ እጁን ለመታጠብ ዘረጋ። ሰዓዳ ጆጉን ይዛ ወደ እንስራው ሄደች፣ አዘነበለችው፣ ጠብ የሚል የለም። ለበጉ፣ ለሽሮው ሲባል ያለችው ውሃ ሁሉ አልቃለች። እንግዳ እጁን ዘርግቶ ውሃ የለም! እኛ ቤት እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶ አያውቅም።

«አንቺ!» ብዬ ጮህኩባት። «ሰው እጁን ዘርግቶ?»

ዘይነባ ከአልጋዋ «አባየ፣ አይቆጧት!» አለች። «ዛሬ ከእናንተ ጋር ትምህርት ቤት ዋለች። ማን ይቅዳ?»

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ወጣ። ዘይነባ ከወለደች ጀምሮ ውሃ የምትቀዳው ሰዓዳ ናት። ቦኖው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚቀዳበት ቧንቧ፣ ሩቅ ነው፣ የሚከፍተው ሰው በፈለገው ሰዓት ነው የሚመጣው። ልጅቱ ሳይነጋ ሄዳ ትሰለፋለች፣ ተራዋ ሲደርስ ደወሉ ተደውሏል። ቀድታ፣ እንስራዋን ቤት አድርሳ፣ እየሮጠች ነው የምትደርሰው። ለዚህ ነው ተንበርከኪ የምትባለው።

መምህሩ የዘረጋውን እጁን ጭኑ ላይ መለሰ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ክፍሉ ሁሉ እየሰማ አክስቴ ቤት ውሃ የለም ልበል?» አለች ሰዓዳ። ከመጣሁ ጀምሮ ቀና ብላ ስታይ ያየኋት ያኔ ነው።

ጎረቤት አንድ ጆግ ውሃ አቀበለችን። መምህሩ ታጠበ፣ ጎረሰ፣ ግን ምግቡ አልሄደለትም። «እኔ እኮ የምከራየው እዚሁ መንገድ ዳር ነው» አለ። «እነዚያ ሰማያዊ መስኮት ያላቸው ቤቶች ጋ። በየቀኑ በዚህ በር አልፋለሁ።»

«ገብተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«አላውቅም።»

«እኔም ያንተን በር አላውቅም ነበር» አልኩት፤ የተናደድኩት በሱ ብቻ እንዳልሆነ እንዲያውቅ። «የጠራችሁኝ ግን ለክስ ነው። ለክስ ባይሆን ኖሮ በጉ ድሮ ይታረድልህ ነበር።»

ሼሁ መምህሩን አስነሡት፣ ሰዓዳንም አስነሥተው ፊት ለፊት አቆሟቸው። እሷ «መምህር፣ አፉ በሉኝ» አለች፣ እሱም «አንቺም ይቅር በይኝ፣ ዳግመኛ ተንበርከኪ አልልሽም» አለ። ቄሱና ሼሁ በየራሳቸው መረቁ። በኛ ወግ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። በትምህርት ቤቱ ወግ ግን አላለቀም። መምህሩ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ነገረኝ።

«አባባ፣ እኔ ብተወው ዳይሬክተሩ ነገ በሩ ላይ ነው። የተናገረውን ያደርጋል። አደራ፣ እንዳታረፍድ።»

ዘይነባ ይህን ሰምታ «ነገ እኔ እቀዳለሁ» ብላ ከአልጋዋ ልትነሣ ሞከረች፤ ገና ቀጥ ብላ መቆም የማትችል አራስ! መልሼ አስተኛኋት። ሼህ እንድሪስና ቄስ ገበየሁ የመጀመሪያውን አውቶቡስ ይዘን እንመለስ አሉኝ።

«እናንተ ሂዱ» አልኳቸው። «ለእናቷ ገብታለች በሏት። እኔ የዘይነባ እግር እስኪጠና አልመጣም።»

ማግስቱ

የንጋቱን ሰላት፣ ፈጅርን፣ ሰግጄ እንስራውን በጀርባዬ አዘልኩ። ገመዱ እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም፤ ሰዓዳ እየሳቀችም እያለቀሰችም አሰረችልኝ። በእኛ አገር ወንድ እንስራ አያዝልም። አባቴ ቢያየኝ መቃብሩ ውስጥ ይገላበጣል። ይገላበጥ።

ቦኖው ጋ ሴቶቹ ቀድመውኝ ተሰልፈዋል። ሲያዩኝ ወረፋው ሁሉ ፈነዳ።

«ኧረ ተመልከቱ፣ ወንድ እንስራ አዝሎ!»

«አባባ፣ ሚስትዎ ፈታችዎ እንዴ?»

«አልፈታችኝም፤ ሥራ አዛወረችኝ» አልኩ።

ሳቁ በረድ ሲል አንዷ አዘነችልኝና «አባቴ፣ ይቅደሙ፣ ሽማግሌ ነዎት» አለች። ሌሎቹም መንገድ ለቀቁልኝ።

«አልቀድምም» አልኩ። «የልጅ ልጄን እዚህ ስትቆም ማን አስቀድሟት ያውቃል? ተራዬን እጠብቃለሁ።»

ደግ ሴት ናት፣ አልተቀየመችኝም። እንስራዬን ከመሬት አሳርፌ ቆምኩ። ነጋ። ፀሐይ ወጣች። የቦኖው ሰው መፋቂያውን እየፋቀ ተንጎማሎ መጣና ቁልፉን ፍለጋ ኪሱን ሁሉ ዳበሰ። ውሃው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ እንደ ክር ቀጠነ። አንዷ ሞላች። ሁለተኛዋ ቀጠለች። ሰዓዳ በማዶው መንገድ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ሳትሮጥ ስታልፍ አየኋት፤ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ደወሉ ተደወለ። እሷ ግቢ ውስጥ ናት። እኔ ገና ወረፋው መሃል ነበርኩ።